ሳንቲም የምታክል ቦታ

ፈረጅ ሚኒባሱን ለእህቱ ሰርግ ብሎ አረንጓዴ ካስቀባው ወዲህ የፊት መብራቱ እንደ ጾመኛ ዓይን ፈዟል። አምፖል ቀየረ፣ ባትሪ ቀየረ፣ ዱዓም አስደረገ። እስከ አስር ሶላት ካልተሠራ ሙሽራዋ ጨፋ ሮቢት የምትሄደው በሌላ ሰው መኪና ነው።

«ቀለሙን ብቻ እንዳትነኪብኝ» አላት ኤሌክትሪሻኗን ዓፊያን፣ በሽርጡ ጫፍ በሩን እየወለወለ።

«አብሽር» አለችው፣ ቃል ሳትገባ።

ከባትሪው ኔጌቲቭ አንድ ሽቦ ስባ የመብራቱን ጀርባ ነካች። መብራቱ ቦግ አለ። ሽቦውን ስታነሳው መልሶ ፈዘዘ። ጎንበስ ብላ ከመብራቱ ኋላ አንድ ብሎን ፈታች።

«እዚህም ውስጥ አስቀብተሃል?»

«ወላሂ አንድም ቦታ አልቀረኝ!» አለ በኩራት።

«እሱ ነው ችግሩ። ይሄ ከሁለቱም መብራቶች ኤሌክትሪኩን ወደ ባትሪ የሚመልሰው የማሳ ሽቦ የሚታሰረው ባዶ ብረት ላይ ነው፤ አንተ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ቀለም አልብሰኸዋል።»

ቢላ ስታወጣ ፈረጅ ፊቱን አዞረ። ዓፊያ ሳንቲም የምታክል ቦታ በቢላ ፋቀች፣ ብሎኑን መልሳ አሰረች። ሁለቱም መብራቶች በጠራራ ፀሐይ የጎረቤቱን ግድግዳ አነጡት። ፈረጅ ግድግዳውን አየ፣ የተፋቀችውን ቦታ አየ፣ ቢላውንም አየ።

«ማሻአላህ» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላም የሚፋቅ ካለ ፋቂ፣ እህቴ።»