ወገል

መዝገበ ቃላቱ በተመረቀበት አዳራሽ፣ ዋና አዘጋጁ ለማሳያ ከቀረበው ሞፈርና ቀንበር ላይ ጠፍሩን ከፍ አድርጎ ያዘና «ወገል የሚባለው ይሄ ነው» አለ። ከፊት የተቀመጡት ሽማግሌ ገበሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጄ፣ እሱ ምራን ነው። ወገል ይቺ የብረት ቀለበት ናት።» አዳራሹ በሳቅ ሞላ።

አዘጋጁ መጽሐፉን ገለጠ፤ እዚያም «ወገል፦ ጠፍር» ይላል። ፊቱ ደም መስሎ አጠገቡ ወደተቀመጠችው የመጽሐፉ አራሚ ጎንበስ አለ። «አንቺ የገበሬ ልጅ፣ ይሄ እንዴት አመለጠሽ?»

አሥር ዓመት ሙሉ ቃላቱን የለቀመችለት እሷ ነበረች። ስሟ ሽፋኑ ላይ እንዲገባ ስትለምነው ግን «መጽሐፉ የእኔ ነው» ብሎ ከቢሮው አስወጥቷት ነበር። የእርማት ቀይ እስክሪብቶዋን ከቦርሳዋ አውጥታ እጁ ላይ አኖረችለት።

«መች አመለጠኝ ጋሼ» አለች ቀስ ብላ። «መጽሐፉ የእርስዎ ነው ብዬ ተውኩት።»