የድምቡሼ ላባ

ዳይኖሰር ማስፈልፈል ከተቻለ ወዲህ ጫጩቶቹ ሰው እንዲለምዱ ቤት ውስጥ ነው የሚያድጉት። ለኛ ድምቡሼን ያመጣልን ወንድሜ ናሁሰናይ ነው፤ ሊከፈት ያለው የዳይኖሰር ፓርክ ተመራማሪ ነው። አቤት ስታምር! መላ ሰውነቷ ቡናማ ላባ ነው። መጮህ የሚባል አታውቅም፤ አፏን ሳትከፍት እንደ እርግብ ነው የምታንጎራጉረው። ስትተኛ እማ እግር ስር ኩርምት ትላለች።

በሩ ሲጠባት ናሁ ሊወስዳት መጣ። እማ አለቀሰች።

"እናቴን እልሻለሁ፣ ልክ እንደተፈጠረች ነው ሰው የሚያያት" አላት።

ፓርኩ የተከፈተ ቀን ሄድን። መጀመሪያ አላወቅናትም። አንድ ላባ የላትም፤ ቆዳዋን አረንጓዴ ቀብተውታል። አንገቷ ላይ ያሰሩት ስፒከር እንደ አንበሳ ያገሳል፤ ባገሳ ቁጥር እሷው ራሷ ትበረግጋለች። ሕዝቡ ያጨበጭባል።

"ናሁ፣ ምን አደረጋችኋት?" አለች እማ።

"ምን እናድርግ እማ፣ ለሙከራ በላባዋ ስናሳያቸው 'ሰጎን ነው እንዴ ያመጣችሁልን?' ብለው ሳቁብን። ሰው ፊልም ላይ ያየውን ነው የሚፈልገው።"

"ማነው ንጯት ያለው?"

ናሁ አቀረቀረ። "እኔ ነኝ። ግን በማደንዘዣ ነው፣ አላመማትም።"

ድምቡሼ የእማን ድምፅ ሰምታ አጥሩ ጋ መጣች። እርቃኗን ትንቀጠቀጣለች። እማ እጇን በአጥሩ አሾልካ አንገቷን ዳሰሰቻት።

"እኔ ለበዓል ስንት ዶሮ ነጭቻለሁ ልጄ" አለችው፣ ሳታየው። "ግን መጀመሪያ አሳርጄ ነው።"