የግራ ጥርስ

«ቁም! ቀጥ ብለህ ቁም አልኩህ!» ብሎ ሰንሰለቱን ወደ ላይ ሲመነጭቀው የውሻው የፊት እግሮች ከሣሩ ተነሱ። ስሙ መድፍ ነው፤ ጥጃ የሚያክል ውሻ። አንገቱ ታንቆ ሲያጣጥር ከገመዱ ውጭ ያሉት ተመልካቾች አጨበጨቡለት። ግርማ ሞገስ መስሏቸው ነው።

«ሰንሰለቱን አላላ» አልኩት።

«እሺ እትዬ... ይቅርታ፣ ዳኛ» አለና ዓይኑን ጠቀስ አደረገልኝ።

የእህቴ ባል ነው። ለውሻ ውድድሩ የተመደበው ዳኛ ጠዋት ታሞ ሲቀር በጥድፊያ እኔን ጠሩኝ። ዝምድናችንን ብነግራቸውም አዘጋጆቹ «ታዲያ ሌላ ሰው ከየት እናምጣ?» ብለው ገፍተው አስገቡኝ። እሱ ዋንጫው ከወዲሁ እጁ የገባ መስሎት ፊቱ በርቷል። እህቴ ሚጣ ከገመዱ ወዲያ ቆማለች፤ በአንድ እጇ የውሻውን የውሃ ባልዲ ይዛለች፣ በሌላው አፏን። ከኔ ርቀው ነው የሚኖሩት። ከስንት ጊዜ በኋላ ተያይተን እንኳ ፈገግ ስትልልኝ እጇን ከአፏ አላነሳችም።

ይህ ሥራ ጥርሴን የነቀልኩበት ነው። ውሻ በዓይን አይዳኝም፤ በእጅ ነው። ከጭንቅላቱ ጀምሬ ትከሻውን፣ ደረቱን ዳበስኩ። እንዴት ያለ ውሻ ነው! ጎኑ ላይ ስደርስ ግን ጣቴ አንድ ነገር ላይ ተደናቀፈ፤ ተሰብሮ ተጣሞ የገጠመ አጥንት። መድፍ አላጉረመረመም። ትንፋሹን ውጦ የጌታውን እጅ ተመለከተ።

«ጥርስ!» አልኩ።

እኛ ሜዳ ላይ ከዚህ በላይ አይባልም። ዳኛ «ጥርስ!» ካለ ባለቤቱ የውሻውን ከንፈር በአውራ ጣቱ ገልጦ ያሳያል። እሱም በቀኝ በኩል ገልጦ አሳየኝ፤ ነጭ ነው፣ ያምራል። «በግራም» አልኩት። ሲያመነታ እኔው ገለጥኩት። የላይኛው ክራንቻ ከሥሩ ተሰብሯል።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ደረጃ ላይ አዳልጦት።»

እጄ እዚያው የውሻው አፍ ላይ ቀረ። ሚጣ ባለፈው ዓመት በስልክ ያለችኝ ቃል በቃል ይህንኑ ነበር። «ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው እትዬ፤ አንድ ጥርስ ነው፣ አትምጪ፣ ደህና ነኝ።» ያቺ ጥርስ የማታስከድን ተጫዋች እህቴ! አሁን ደግሞ አራት እግር ያለው ፍጡር በዚያው ደረጃ አዳልጦታል።

ቀና ስል ቀኝ እጁ ላይ ያደረገውን ወፍራም ቀለበት አየሁ። በቀኝ እጁ የሚማታ ሰው ፊት ለፊቱ የቆመውን የሚያገኘው ግራ ጉንጩን ነው።

«ያ ደረጃ ቀለበት ያደርጋል እንዴ?» አልኩት።

ፊቱ ጠቆረ። «እትዬ፣ እረፊ» አለ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ። ሰንሰለቱን በግራ እጁ ጠቅልሎ ውሻውን አስጠጋው፤ ቀኝ ጡጫው ከወገቡ ትንሽ ከፍ አለ። ተመልካቹ አላየም። ያየነው እኔና ውሻው ነን።

መድፍ ጡጫውን ከአየር ላይ ቀለበው። የእጁ አንጓ ቋ ሲል ሰማሁ። ሰውየው እየጮኸ ወደቀ፤ ውሻው ሣሩ ላይ እየጎተተ አንከባለለው። በኖራ የተሰመረው መስመር ቀላ፤ የኔም እጅጌ በደም ራሰ። ሰው ወንበር እየገለበጠ ሸሸ። የሜዳው ዘበኛ ደርሶ በጠመንጃው ሰደፍ የውሻውን ጎን ደጋግሞ ደበደበው፤ ያንኑ የተሰበረውን ጎን። መድፍ አለቅም አለ። እኔም እንዳይለቀው እየተመኘሁ ነበር።

«መድፍ! ተው የኔ ልጅ!»

ሚጣ ናት። ባልዲውን ጥላ በገመዱ ሥር ሾልካ ገብታለች። ውሻው ድምፅዋን ሲሰማ ለቀቀና ሄዶ እግሯ ሥር ተኛ።

ባሏ የተንጠለጠለ እጁን ታቅፎ «ግደለው!» ብሎ አንባረቀ። «አብዷል! ምን ትጠብቃለህ?»

ዘበኛው ጠመንጃውን አቀባብሎ የዳኛ ቃል ሊሰማ ወደ እኔ ዞረ። ሜዳ ላይ ሰው የነከሰ ውሻ እዚያው ይገደላል፤ ደንቡ ነው። የሚተርፈው ባለቤቱ የሚደበድበው ለመሆኑ ማስረጃ ከተገኘ ብቻ ነው።

«ይደበድበዋል» አልኩ። «ጎኑን ዳብሰው። ጥርሱን እየው።»

«ውሸቷን ነው! ጥርስ ነክሳብኝ ነው!» አለ ባሏ። «ደረጃ ላይ አዳልጦት ነው አልኩ እኮ! እኔ በሕይወቴ ውሻም ሰውም መትቼ አላውቅም። ሚስቴን ጠይቋት!»

ሁሉም ወደ ሚጣ ዞረ። እጇ ተመልሶ አፏ ላይ ወጥቷል። ባሏን አየች፤ የጠመንጃውን አፈሙዝ አየች፤ እግሯ ሥር የሚያለከልከውን ውሻ አየች። ሮጬ ላቅፋት ፈለግሁ። ግን አውቃታለሁ፤ ካቀፍኳት ታለቅሳለች፣ ካለቀሰች ዝም ትላለች። ስለዚህ ባለሁበት ቆሜ፣ በዳኛ ድምፄ፣

«ጥርስ!» አልኩ።

ሚጣ እጇን ከአፏ አወረደች። ከዚያ ባለውሾቹ ሲያደርጉ እንዳየችው፣ በአውራ ጣቷ ከንፈሯን በግራ በኩል ገለጠች።