የእማዬ ሐውልት እጆች

አደባባያችን ላይ የቆመው ሐውልት የእናቴ የደብሪቱ ነው። የሰፈሩን መንገድ ድንጋይ ፈልጣ ያነጠፈችው እሷ ናትና፣ መዶሻዋን እንደያዘች ነበር የቀረጿት። ዘንድሮ ግን የከተማችን ሐውልቶች አስተያየት መስማት ጀምረዋል። አላፊ አግዳሚው የሚለውን ሲያደምጡ ይውሉና፣ ሲመሽ ብዙ ሰው እንዳለው ሆነው ይለወጣሉ።

ሕዝቡም አፉ አላረፈም። «ወገቧ ወፈረ» አለ፤ ቀጠነ። «ምነው አኮረፈች?» አለ፤ ፈገግ አለች። ትናንት ደግሞ ጎረቤታችን እትዬ አሰገደች ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው ቆሙና፣ «እጇማ የሴት አይመስልም» አሉ። ከኋላቸው ያለው ሁሉ «እውነት ነው!» አለ። ሲመሽ ጣቶቿ አለንጋ መሰሉ፤ መዶሻውም ጠፋ።

ዛሬ ጠዋት፣ «እትዬ፣ በዚህ እጅ ድንጋይ ይፈለጣል?» ብላቸው፣ «ለእሷው ቁንጅና ብዬ ነው!» አሉኝ። ቁንጅናው ገደል ይግባ!

ቤት ገብቼ ምሳ ላይ እንደ ልማዷ ታጎርሰኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እማዬ እንጀራውን በማንኪያ ይዛ ዘረጋችልኝ። ሌላ እጇን ነጠላዋ ሥር ደብቃለች።

«ማንኪያ ደግሞ ምን አመጣው?»

«እጄ ሻካራ ነው፣ ልጄ። ይሄ ሁሉ ሰው ይዋሻል?»

ማንኪያውን ነጥቄ ወረወርኩት። «አገር የሚሄድበትን መንገድ ያነጠፈ እጅ ነው! በእሱ ካላጎረስሽኝ አልበላም!» ብዬ አፌን ከፍቼ ተቀመጥኩ።

«ዝጊው፣ ዝንብ ይገባል።»

«አልዘጋም!»

እጇ ከነጠላው ሥር ቀስ ብሎ ወጣ። ጉርሻው ጡጫ ስለሚያክል፣ ለእትዬ አሰገደች ያዘጋጀሁትን ስድብ አብሬ ዋጥኩት።