አምስተኛው ቁልፍ

ልጁ የካፖርቱን አምስተኛ ቁልፍ ሲቆልፍ ከመስታወቱ ውስጥ ከነጆሮው እልም አለ። ለማይታየው የአስማት ጦር ዕጣ የወጣበት ትናንት ነበር፤ እምቢ አይባልም። ካፖርቱን ያመጣለት አሥር አለቃ፣ "መጀመሪያ እናትህን ተሰናበት። አምስተኛው ከተቆለፈ ጦርነቱ ሳያልቅ አይፈታም፤ ድምፅህንም ንክኪህንም ሰው አይሰማውም" ብሎ አስጠንቅቆት ነበር። እሱ ግን እየተደበቀ እናቱን ሺህ ጊዜ አስደንግጧታል፤ ሺህ አንደኛዋ አላስችል አለችው።

እናቱ አዲስ ካልሲ ይዛለት ገባች። ክፍሉን ቃኝታ፣ "አንተ ጉደኛ፣ ዛሬም?" አለችና ሁልጊዜ ወደሚደበቅበት ቁም ሳጥን ዞረች።

"እማዬ፣ ከኋላሽ ነኝ" አለ።

አልሰማችውም። ቁልፉን በጥፍሩም በጥርሱም ታገለው፤ ወይ ፍንክች። ቀሚሷን ሊጎትት ቢሞክር እጁ አየር ጨብጦ ተመለሰ። ውጭ የአሥር አለቃው ፊሽካ ተነፋ። እሷ ወንበር ስባ ቁም ሳጥኑ ፊት ተደላድላ ተቀመጠች፤ ካልሲውን ጉልበቷ ላይ አደረገች። ልጁ ባዶ እግሩን ጫማው ውስጥ ከትቶ ማጅራቷን ሳማት። ዝንብ ያረፈባት እንኳ አልመሰላትም።

"እኔ እንደሆንኩ አልቸኩልም" አለች ለተዘጋው ቁም ሳጥን። "ሳትስመኝ የትም አትሄዳትም።"