ውሃው ሞልቷል

በደብረ ታቦር የተዘጋጀው ውድድር ሦስት ክፍል ነበረው። ተወዳዳሪው ከከተማው በታች ያለውን የመስኖ ግድብ በዋና ያቋርጣል፣ ከዚያ ሃያ ኪሎ ሜትር በብስክሌት ይሄዳል፣ በመጨረሻም አምስት ኪሎ ሜትር ይሮጣል። አሥራ አራት ሰው ተመዘገበ። ሁሉም የየራሳቸው ሥራ ያላቸው፣ ስፖርት የሚወዱ ሰዎች ነበሩ።

አዳነ ብስክሌት ጠጋኝ ነው። በብስክሌት የሚቀድመው አልነበረም፤ ሩጫውም ደህና ነው። ዋና የተማረው ግን በዚያው ዓመት ስለሆነ ግድቡን ለማቋረጥ ከሌሎቹ እጥፍ ጊዜ ይፈጅበታል።

የሚፈራው አንዷለምን ነበር። አንዷለም በግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ ቀበሌ ለቀበሌ በእግሩ እየዞረ ገበሬ ያማክራል። ተወልዶ ያደገው ጣና ዳር ነው። ሌሎቹ ለልምምድ ግድቡ ውስጥ ሲንቦጫረቁ እሱ ዳር ቆሞ ሰዓት ይይዝላቸዋል።

«አንተስ አትገባም?» ይሉታል።

«ለጣና ልጅ ይኼ ኩሬ ነው» ብሎ ይስቃል።

ያ ሳቅ አዳነን ያበሽቀው ነበር።

ወሩ ጥቅምት ነው። በውድድሩ ዋዜማ ጉና ተራራ ላይ ያለ ወቅቱ ዶፍ ወረደ። ቅዳሜ ማለዳ አዘጋጇ፣ የስፖርት መምህርት ሰብለወንጌል፣ ለአዳነ ደወሉለት። ቤቱ ለግድቡ ቅርብ ነው።

«እስኪ ወርደህ ውሃውን እየው። ሰው አስገብቼ መከራ እንዳይመጣ።»

አዳነ ወረደ። ውሃው ከወትሮው ትንሽ ደፍርሷል እንጂ ረግቶ ተኝቷል። ሁለት ዳክዬዎች መሐሉ ላይ ይንሳፈፋሉ። ቆሞ አያቸው። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«ሞልቷል መምህርት። ጎርፍ ግንድ ይዞ እየገባበት ነው። ሰው አይገባበትም።»

መምህርቷ አመኑት። ተወዳዳሪዎቹ ሲሰበሰቡ ዋናው መቅረቱን፣ በምትኩ በጉና በኩል ያለውን ጉብታ በሩጫ ወጥቶ መውረድ መግባቱን ነገሯቸው። አንዷለም ዓይኑ ቀልቶ ነበር፤ ሌሊቱን የተኛ አይመስልም። ነገሩን ሲሰማ ሣሩ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«ውሃውን ያየው ማነው?» አለ ቆይቶ።

«አዳነ ነው» አሉት።

ቀና ብሎ አዳነን ትክ ብሎ አየው። አዳነ ጎንበስ ብሎ የታሰረ የጫማ ክሩን ፈትቶ እንደገና ማሰር ጀመረ።

ጉብታው ላይ ሲደርሱ በረዶ ጣለ። መንገዱ ነጭ ሆነ። ቁልቁለቱን አንዷለም ከፊት ይወርድ ነበር፣ አዳነ ሃያ እርምጃ ያህል ከኋላው። አንዷለምን አዳለጠው። ቀኝ እግሩ በሁለት ድንጋዮች መሐል ገብቶ ቀረና ተሰበረ። አዳነ አጥንቱ ሲቀጭ ሰማ።

ሮጦ ደረሰለት። አንዷለም ጥርሱን ነክሶ፣ «ሂድ፤ ሰው እየመጣ ነው» አለው።

አዳነም ሄደ። አንደኛ ወጣ።

ዋንጫውን ሱቁ ውስጥ አላስቀመጠውም። አሮጌ ጎማ ከሚከምርበት ጥግ በማዳበሪያ ጠቅልሎ ከተተው።

የአንዷለም አጥንት ተጣሞ ገጠመ። ከሦስት ወር በኋላ በምርኩዝ መሄድ ጀመረ፤ ዳገት ግን አይሆንለትም ተባለ። ገበሬ ማማከሩ ቀርቶ ቢሮ ተቀምጦ ፋይል የሚይዝ ሆነ። አዳነ በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ይጠይቀዋል። እንጨት ይፈልጣል፣ ውሃ ይቀዳል። ልጃቸውን ለማስታመም ከአገራቸው የመጡት እማማ ዘነበች ይመርቁታል።

«ከወንድም አትተናነስም ልጄ» ይሉታል። «ታላቁን ልጄን ጣና ወሰደብኝ፤ ታናሹን ደግሞ ደረቅ መሬት ሰበረብኝ። አንተን ያቆይልኝ።»

አዳነ አሜን ማለት ያቅተውና ወደ እንጨቱ ይመለሳል።

አንዷለም ብዙ አያወራም። አንዳንዴ ግን፣ «ያን ቀን ውሃውን ያየኸው አንተ ነህ አይደል?» ይለዋል።

«አዎ።»

«ሞልቶ ነበር?»

«ሞልቶ ነበር።»

አንዷለም ራሱን ይነቀንቃል፤ ወሬውም እዚያ ያበቃል። አዳነ ግን «አውቆብኛል» እያለ ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ይሰነብታል። ጠግኖ የሰጠው ጎማ በማግስቱ ይተነፍሳል። ሰው ሲያናግረው አይሰማም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ የንስሐ አባቱ ዘንድ ሄደ። ቄሱ እስከ መጨረሻው ሰሙት።

«የበደልኸው እኔን አይደለም» አሉት። «ስግደቱን እሰጥሃለሁ። መጀመሪያ ግን ሄደህ ለእሱ ንገረው። ቢረግምህም ተቀበል።»

በማግስቱ ሄደ። እማማ ዘነበች ገበያ ወጥተዋል። አንዷለም እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። አዳነ ተቀመጥ ቢባልም አልተቀመጠም።

«ዋሽቻለሁ» አለ። «ውሃው አልሞላም ነበር። ጎርፍም ግንድም አልነበረም። በዋና እንደማልችልህ ስለማውቅ ነው። ባልዋሽ ኖሮ ያን ጉብታ አትወጣውም ነበር። እግርህን የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

አንዷለም ጎንበስ አለ። ምርኩዙን አነሣ። አዳነ የሚመታው መስሎት ዓይኑን ጨፈነ፤ ግን አልሸሸም።

አንዷለም ምርኩዙን ተደግፎ ቆመና ሌላውን እጁን የአዳነ ትከሻ ላይ አሳረፈ።

«እንዳልሞላ አውቃለሁ» አለው። «ያን ዕለት ከአንተ በፊት ወርጄ አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልኸኝ?»

አንዷለም እናቱ እንዳልመጡ ለማረጋገጥ ወደ መንገዱ ተመለከተ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ ዋና አልችልም።»