አረንጓዴው እሽግ

ሹዪን ራሷ የገጣጠመችው አዲሱ ኮምፒውተር ዛሬም ለመነሳት ዓመት ፈጀበት። አባቷ የከተማቸው የታይናን ሰው ሁሉ ማሽን እንዳያስቸግረው አናቱ ላይ የሚያስቀምጠውን፣ ስሙ "ታዛዥ ሁን" ማለት የሆነውን አረንጓዴ የቺፕስ እሽግ አንስቶ አገላበጠው። "ጊዜው አልፎበታል እኮ! ታዲያ ማሽኑ እንዴት ብሎ ይታዘዝሽ?" ብሎ ወደ ሱቅ ወረደ።

ሳቋን ዋጥ አድርጋ የኮምፒውተሩን ክዳን ከፈተች። አባቷ "አይባክን" ብሎ ያስገጠማት አሮጌ ዲስክ ለካ ተበላሽቶ ኖሯል፤ አዲሱ ማሽን የሚዘገየው እሱን ሲጠብቅ ነው። ነቀለችው። ኮምፒውተሩ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ሳይቆይ ተነሳ።

የአባቷ ነጠላ ጫማ ደረጃው ላይ ሲንጧጧ ስትሰማ ቶሎ ብላ አጠፋችው። እያለከለከ ገብቶ አዲሱን እሽግ በሁለት እጁ ኮምፒውተሩ አናት ላይ አስቀመጠ።

"በይ አሁን ሞክሪው።"

ቁልፉን ተጫነች። ወዲያው በራ።

"አላልኩሽም!"

"ብለኸኛል አባዬ" አለች፣ የነቀለችውን ዲስክ በእግሯ ወደ ጠረጴዛው ስር እየገፋች።